ቡናማው ላንጋኖ

ባለፈው ጥቅምት ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ድንኳኔን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ዚፑን ስጠግን፣ ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ። «ልጄ፣ ምነው? ምን መርዶ መጣ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በኛ ሰፈር ድንኳን የሚታየው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው፤ ዕድሩ ያወጣዋል፣ ከአጠና ተራ የመጣ አጠና ይቆምለታል። ላንጋኖ ዳር ላድርበት መሆኑን ስነግራቸው ልባቸው መለስ አለና፣ «ቤት እያለህ ሜዳ ላይ? ደግሞስ እዚያ ጭቃ ውሃ ዳር?» አሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳኑን ተክሎ የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነበር። አዲስ አበባም የተወለደችው በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ዳር ድንኳን በተከሉ ሰዎች መሐል ነው። ውሃ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚለኝን ሰው ስለዚህ አልቀበለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ዓመታት ሙሉ የምሰማው ነው፤ ስለ ላንጋኖ የምጽፈውም ከሁሉ በላይ ለእሱ ብዬ ነው።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው የግራር ሜዳ መሐል የተኛ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው በሞጆ በኩል ይሄዳል። እኛ የአየር ጤና መውጫ ደጃችን ላይ ስላለ በዓለም ገና አድርገን፣ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረን፣ በቡታጅራ በኩል ባቱ እንወጣለን። ከባቱ በኋላ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላን አልፎ ወደ ግራ መታጠፍ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ቀለሙ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። ክንዳችሁን ብትነክሩ ጣታችሁ አይታያችሁም። የመጣ ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ይልና፣ ሐዋሳ ያለውን ጠራ ያለ ውሃ ያመሰግናል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በሐይቅ ዋና የሚፈራው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ የሚይዘን ውሃው ስለደፈረሰ አይደለም። ትሉ የሚያድገው በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ገላ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በቆዳችን በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት ሣርና ቅጠል የበዛበትን ረጋ ያለ ዳርቻ ነው። ጣናን፣ ሐዋሳንና ዝዋይን የመሰሉ ሐይቆቻችን ቢልሃርዚያ አለባቸው። ላንጋኖ ግን ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ሲባል የኖረ ሐይቅ ነው፤ ብዙ ሰው ለዋና የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ቡናማነቱ ከምን መጣ? ከአርሲ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች፣ እነ ሁሉቃ፣ ለፒስና ገደምሶ፣ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ የአካባቢው መሬትም ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው። የዚህ አፈር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው። በሌላ ሐይቅ ቢሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ክብደት ያገኙና ይዘቅጡ ነበር። ለማያያዝ የሚያግዘው በውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። የላንጋኖ ውሃ ግን ሶዳማ ነው፤ ሶዲየም በዝቶ ካልሲየም አንሶበታል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንደተገፋፉ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስም ደጋግሞ ያማስላቸዋል።

ይህን በዓይኔ ማየት ፈልጌ አንድ ምሽት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃውን ቀድቼ ድንኳኑ በር ላይ አቆምኩት። ሲነጋ ከጠርሙሱ ግርጌ የጣት ጥፍር የማይሞላ አሸዋ ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ግን እንዳለ ነው። ኮልፌ ወስጄ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላም እንደ ቀጭን ሻይ ቡናማ ነበር። ለእማማ አሳየኋቸው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ጭቃ ቢሆን እስካሁን በተኛ ነበር» አሉ። ጠላ ሲያጠሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዝቃጭ የሚተኛበትን ጊዜ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ገብታችሁ ስትወጡ ገላችሁ ይለሰልሳል እንጂ ጭቃ አይዝም። ሶዳው ነው። ለመጠጥ ግን አይሆንም፤ እንደ ብዙው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ስለሆነ የምትጠጡትን በጄሪካን ይዛችሁ ሂዱ። ቡናማነቱ የሚያመጣው እውነተኛ አደጋም አለ፤ ስለ እሱ ግን ሰው ሲያወራ አልሰማም። ውሃ ውስጥ የሰጠመ ልጅ ከላይ አይታይም። በጠራ ውሃ ከዳር ሆኖ መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ግን ልጅን የሚጠብቅ ሰው አብሮት ውሃ ውስጥ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት መቆም አለበት። ወላጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ሥጋ ሲጠብሱ ባየሁ ቁጥር ሄጄ እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ግድ የለም።

ድንኳኑን በተመለከተ፦ ከሰዓት ከመግባቱ በፊት ትከሉ። ነፋሱ ከተነሳ በኋላ ሸራ መዘርጋት ለሁለት ሰውም ይከብዳል። ቀጭኑ ካስማ አሸዋው ውስጥ አይጨብጥም፤ እኔ ባዶ ከረጢት አሸዋ ሞልቼ፣ ገመዱን አስሬበት እቀብረዋለሁ። ከግራር ጥላ ሥር ከመትከላችሁ በፊት መሬቱን በእጅ ዳብሱት። የግራር እሾህ ድንኳኑንም ፍራሹንም አልፎ ይወጋል። ሌሊቱ ለኮልፌ ብርድ ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ንጋት ላይ የአርሲ እረኞች ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ በአጠገባችሁ ያልፋሉ። የውሃው መንገድ የእነሱ ነውና ድንኳናችሁን መንገዱ ላይ አትትከሉ።

እሳት ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ ለጋ ግራር በገጀራ ቆርጠው ለአንድ ምሽት እሳት የሚያነዱ አይቻለሁ። መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰልም ከዚያው ግራር ነው የሚወጣው። ቡታጋዝ ይዞ መሄድ ምን ይከብዳል? እሳት ካነደዳችሁም ፍሙን አሸዋ አልብሳችሁ አትሂዱ። አሸዋ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም። በማግሥቱ በባዶ እግሩ ከብት የሚነዳ ልጅ ይረግጠዋል። ከሐይቁ ውሃ እየቀዳችሁ እስኪቀዘቅዝ አፍስሱበት፤ በመዳፋችሁም ፈትሹት። ሃይላንዱንም ለቅማችሁ መኪናው ውስጥ ጣሉት።

ተመልሳችሁ ቤት ስትገቡ ድንኳኑን እርጥብ እንደሆነ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ ሻጋታ ይበላዋል። እኔ በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ገልብጬ እዘረጋዋለሁ። ባለፈው እማማ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ወለሉ ላይ የተሰካውን እሾህ በጥፍራቸው አንድ በአንድ እየነቀሉ መዳፋቸው ላይ ሰበሰቡልኝ። አስራ አንድ ሆነ።