የዩኒቨርሲቲ ማርክ ግሽበትና የክርክሩ አመክንዮ

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከሚሰጠው ማርክ ከመቶ 60 ያህሉ «ኤ» መሆኑን ገልጿል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ሩብ ገደማ ነበር። ከዚህ አኃዝ ተነሥተው አንዳንዶች «መምህራኑ ለጋሶች ሆኑ» ሲሉ፣ ሌሎች «ተማሪዎቹ በረቱ» ይላሉ። ይሁን እንጂ አኃዙ ለሁለቱም ወገን እኩል ምስክር ስለ ሆነ ለአንዱም አይፈርድም። ከማርኩ ውጭ የሆነ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የቀድሞውን ፈተና ለዛሬ ተማሪዎች ሰጥቶ በቀድሞው መመዘኛ ማረም ይቻላል።

«ግሽበት» የሚለው ቃል ራሱ ከገበያ የተወሰደ በመሆኑ ያሳስታል። ዋጋ ጣሪያ የለውም፤ ማርክ ግን «ኤ» ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዋናው ጉዳት ጎበዙና እጅግ ጎበዙ በአንድ ፊደል ሥር መታጨቃቸው ነው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በ«ኤ» ደረጃ የሚሰጡ ማርኮች ከመቶ 35 እንዲያንሱ ወሰነ፤ በ2014 ውሳኔውን ሻረ። እንዲህ ያለው ገደብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊመረመር የሚገባውን አስቀድሞ ይደነግጋል። ማርኩም ስለ ተማሪው ዕውቀት መናገሩን ትቶ ከጓደኞቹ መካከል ስላለው ተራ ይናገራል። በጎበዞች ክፍል የተመደበ ተማሪ ትምህርቱን ጠንቅቆ ቢያውቅም እንኳ «ቢ» ይዞ ሊወጣ፣ በዚህም የነፃ ትምህርት ዕድል ሊያመልጠው ይችላል።