ስለ ክራር አውታርና ስለ ቅኝት መለዋወጥ

ክራር አብዛኛውን ጊዜ 6 አውታሮች አሉት፤ 5ቱ ቅኝቱን ይሠራሉ፤ 6ኛው ከነዚሁ የአንዱን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። አውታሩ ቀድሞ ከከብት አንጀት ወይም ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዙው ናይሎን ተተክቶበታል። አንጀት እርጥበት ሲነካው ድምፁ ይዛባል። ናይሎን እርጥበትን ይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ በታሰረ ሰሞን እየተሳበ ስለሚረግብ ደጋግሞ መቃኘት ያሻል፤ ጀማሪም ጥፋቱን በክራሩ ያላክካል።

ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር፣ ከመነሻው ድምፅ ሲቈጠር፣ አራተኛውን ግማሽ ቃና ዝቅ፣ አምስተኛውን ግማሽ ቃና ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ለዝቅታው የአውታሩ ውጥረት አንድ ዘጠነኛ ያህል ይላላል። ይሁን እንጂ ግማሽ ቃና ከፒያኖ የተወሰደ መለኪያ ነው። ክራር መቺ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ በመሆኑ፣ በፒያኖ መለኪያ ብቻ የተቃኘ አንቺ ሆዬ፣ ስሕተት ባይገኝበትም፣ ለለመደ ጆሮ ይጎረብጣል።