ተቀምጦ የሚብስ ስኳር

ሽማግሌ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። «ኖር!» ይባላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ከሁሉ የተመቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ውሃውም ቡናውም ያሉበት ድረስ ይመጣል። በገዛ ቤታቸውም ያው ነው። እናት ጎንበስ ብለው መጥረጊያ ካነሱ፣ «ኧረ እማዬ፣ እኛ እያለን!» ተብለው ይቀማሉ። አክብሮቱ ከልብ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው የደም ምርመራው ውጤት የደረሰ ዕለት ነው።

ምግብ ከተበላ በኋላ በኢንሱሊን አማካይነት ከደም የሚወጣውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ በዕድሜ ይሳሳል፤ ሥራ ከፈታ ይብስበታል። የጭንና የዳሌው ሥጋ ሲያልቅ፣ የሚበላው እንጀራ ያው ሆኖ ሳለ፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ወፍረው የማያውቁ ሰው «ስኳር አለብዎት» ሲባሉ ግራ የሚጋቡትም አንድም በዚህ ነው።

የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነገሩን ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ብዙዎቹ ያደጉት በጎንደር ገጠር ነው፤ ሲያርሱ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ገበያ በእግራቸው ሲመላለሱ። ስኳር እምብዛም የማይታወቅበት ይህ ማኅበረሰብ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ከሌላው የእስራኤል ሕዝብ ይልቅ በበሽታው የሚጠቃ ሆነ፤ ያውም ቀጭን የሚባሉት ሳይቀሩ። ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በነጭ ዱቄትና በለስላሳ መጠጥ ላይ ነው። ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ከእርሻ ወደ ፎቅ ቤት የገባው እግርም ሊረሳ አይገባም።

ታዲያ ያረጀ ጡንቻ ይመለሳል? እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነ አንድ የቦስተን ጥናት መልስ ይሰጣል። ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ሰዎችን መርጠው በእግራቸው ክብደት አስነሷቸው። ቀላል ክብደት እንዳይመስላችሁ፤ ከባድ ነበር። በስምንት ሳምንት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ያለ ምርኩዝ መሄድ ቻሉ። ልምምዱን አቁመው አራት ሳምንት ሲቆዩ ግን ከጉልበታቸው 32 በመቶው ሄደ።

ስኳርን በተመለከተም ማስረጃው አይታማም። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያን የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስና ክብደትን በመጠኑ መቀነስ በሽታውን በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ወጣቶቹን በልጠው 71 በመቶ ደረሱ!

የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የሚመክረው የእግር ጉዞን ብቻ አይደለም፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ይጨምርበታል። እኛ ዘንድ «ወክ ያድርጉ» ከተባለ ምክሩ እዚያው ያልቃል። በሁዳዴ የሚሰግዱ እናቶች ሳያውቁት ከዚህ ምክር የተሻለ ነገር ይሠራሉ፤ ወርደው ይነሳሉና።

የክትትል ቀጠሮ ላይ ግፊትና ስኳር ይለካሉ፤ ጉልበት ግን አይለካም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሰውየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንቴ ከወንበር እንደሚነሱ መቁጠር። ይህንኑ በቤት ደጋግሞ መሥራት ራሱ ልምምድ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ ሰው አጠገብ ቆሞ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ግን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ኢንሱሊን የሚወጉት በተለይ በጾም ወቅት ስኳር በድንገት ሊወርድባቸው ይችላል።