ቤተሰብን ወደ አዲስ አበባ ማዛወር፦ የመኖሪያ ሰፈር ምርጫ ከሜክሲኮ አደባባይ ሲታይ

(በልደታ ግቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በከተማ ፕላን መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ አይሰጠውም። በየዓመቱ ግን የብዙ ቤተሰቦችን እንቅልፍ ይነሣል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ግቢ በእግር በሚደረስበት በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ነው። ባለቤቱ በነበሩበት ከተማ በትንሽ ንግድ ቤቱን ትደግፍ ነበር። ስምንትና ዐሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች አሏቸው። ይህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ርካሽ ቤት የት ሰፈር ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም የሰፈር ዋጋ የሚከፈለው በኪራይ ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰቡ አባላትም ሁሉም እኩል አይከፍሉትም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በውጭ አገር ሥነ ጽሑፍ የከተማ ዳርቻ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ገቢው የተሻለ ሰው መሀል ከተማውን ትቶ፣ ግቢና ሣር ፈልጎ የሚሄድበት ስፍራ ነው። የእኛ ከተማ አፈጣጠር ከዚህ ይለያል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮቿ የመኳንንትና የጦር አለቆች ማረፊያዎች ነበሩ፤ «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። በጌታው ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፣ አገልጋዩና ባለሙያው ተጠጋግተው ይኖሩ ስለነበር ባለጸጋና ድኻ በአጥር ተለያይተው በአንድ መንደር ማደራቸው የከተማይቱ መለያ ሆነ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የኪራይ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ አዞረ፤ በመሀል ከተማ ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍል ነዋሪ ለዐሥርት ዓመታት እንዲቆይም አደረገ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ስለ ነዋሪው ኑሮ የሚናገረው ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጥቂት ነበር።

ዳርቻውን እኛ ዘንድ የፈጠረው የሀብታም ምርጫ ሳይሆን በአብዛኛው ዕጣ ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተካሄዱት የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባዎች፣ ከዚያም የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 መርሐ ግብሮች ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን ወለዱ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቦታውን አልመረጠም። ሥራው፣ ዕድሩና ልጆቹ መሀል ከተማ ከሆኑ ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ እርሱ በነበረበት ይቆያል። አዲስ መጪው ቤተሰብ በደላላ በኩል የሚያገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ ባለዕጣው ራሱ ለመኖር ያልፈለገው ወይም ያልቻለው ቤት። ይህን ማወቅ ብቻውን ተከራዩን «ባለቤቱ ለምን አልገባበትም?» ብሎ እንዲጠይቅ ያነቃዋል። ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው መልስ ከደላላው ገለጻ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ዊልያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራ ያብራራው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ በራቀ ቁጥር በኪራይ የሚያተርፈውን በጉዞ ይከፍላል፤ ሁለቱ በሚመጣጠኑበት ቦታም ይሰፍራል። ነገሩን በራሳችን ቁጥሮች እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ይተካቸው። በዳርቻ ያለው ቤት ከመሀሉ በወር 6,000 ብር ይቀንሳል እንበል። ሁለቱ አዋቂዎች መሀል ከተማ ይውላሉ፤ የእያንዳንዳቸው የትራንስፖርት ወጪ በቀን በ60 ብር ይጨምራል። በ22 የሥራ ቀናት ይህ ለሁለቱ 2,640 ብር ነው፤ ከ6,000 ላይ ሲቀነስ 3,360 ብር ይቀራል። አሁን ጊዜውን እናስላ። የአንድ ጉዞ ርዝመት ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ካደገ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 44 ሰዓት፣ በጋራ 88 ሰዓት ያጣሉ። 3,360 ብርን ለ88 ብናካፍለው በሰዓት 38 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ ቤተሰብ ሳያውቀው ጊዜውን በሰዓት በ38 ብር ሸጧል ማለት ነው። ሽያጩ ለአንዳንዱ ያዋጣል፤ ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው 3,360 ብር የወር ጤፍ ነውና አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሒሳቡ ሳይሠራ መሸጡን ነው።

የአሎንሶ ስሌት እኛ ዘንድ የሚደናቀፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ርቀትን በኪሎ ሜትር መለካቱ ነው። በአዲስ አበባ ርቀት የሚለካው በሰልፍና በቅያሪ ነው። በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ቅርብ ሰፈር በአንድ ከሚደረስበት ሩቅ ሰፈር ይልቅ ሊርቅ ይችላል። ሜክሲኮ በዚህ ረገድ የተለየ ቦታ አላት። ስሟን ያገኘችው የጣሊያንን ወረራ ሳትቀበል በመንግሥታቱ ማኅበር ከተሟገተችልን አገር ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በአጸፋው «ኢትዮጵያ» የተባለ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። የዛሬው ጥቅሟ ግን መገናኛነቷ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ሐዲድ በጋራ ይጠቀማሉ። ሜክሲኮ በዚህ የጋራ ክፍል ላይ ስለምትገኝ አንድ ሰው ከአያት፣ ከጦር ኃይሎች ወይም ከቃሊቲ ሳይቀይር ይደርሳታል። እንግዲህ የምሳሌያችን ሠራተኛ ከሐዲዱ በእግር በሚደረስበት ሰፈር፣ ለምሳሌ በሲኤምሲ ወይም በሳሪስ አካባቢ፣ ቤት ቢያገኝ በካርታ ላይ ቀርቦ ከሚታየው ነገር ግን ሁለት ቅያሪ ከሚጠይቀው ሰፈር ሊሻለው ይችላል። ይህን ስል ባቡሩ ሙሉ መድኅን ነው ማለቴ አይደለም። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል፤ ስለዚህ የአውቶቡስ ወይም የታክሲ አማራጭ የሌለው ጣቢያ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም።

ፈተናው ቀላል ነው። ቤቱን እሑድ ከቀትር በኋላ አትዩት፤ እሑድ ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከቤቱ በር ተነሥታችሁ ሜክሲኮ ድረስ ሂዱ። ከዚያም ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ተሰልፋችሁ ተመለሱ። የመመለሻው ሰልፍ ከመሄጃው ይብሳል፤ ዝናብ ከጨመረበት ደግሞ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልለፍ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ፣ በአምስት ከተሞች የሚኖሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦችን ያካተተ ጥናት ነበር። በዕጣ የተመረጡ ድኻ ቤተሰቦች ድህነት ወደቀነሰባቸው ሰፈሮች እንዲዛወሩ ድጋፍ ተሰጣቸው። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎውረንስ ካትዝ ከዓመታት በኋላ ውጤቱን ሲመረምሩ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ የነበራቸው ገቢ ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ ይልቁንም በጥቂቱ የመጎዳት ምልክት ታየባቸው። የአሜሪካን ቁጥር ወደ ልደታ ይዤ አልመጣም። አሠራሩ ግን ይገባናል፤ ሰፈር በልጅ ላይ የሚሠራው በቆይታ ነው፣ መፈናቀል ደግሞ ለጎረምሳ ይከብዳል። የስምንት ዓመቷ ልጅ አዲሱን ሰፈር የራሷ ታደርገዋለች። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ግን በስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ዋዜማ ላይ ሊሆን ይችላል። በፈተናው ዓመት መካከል ማዛወር፣ ጓደኞቹንና መምህራኑን በአንድ ቀን ማሳጣት፣ በኪራይ ሒሳብ የማይታይ ትልቅ ወጪ ነው። አባት ቀድሞ መጥቶ ቤተሰቡ የትምህርት ዘመኑን ጨርሶ ቢከተል ሁለት ጎጆ ማስተዳደር ለጥቂት ወራት ያስቸግር ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን እመርጣለሁ።

ከትምህርት ጋር የተያያዘ፣ ደላላ ከቶ የማያነሣው ሌላ ጉዳይ የአስተዳደር ወሰን ነው። ከተማዪቱ በሕንፃ ተያይዛ ስለሰፋች ወሰኑ በዓይን አይታይም፤ አንድ መንገድ ተሻግሮ ያለው ቤት ግን በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ሊሆን ይችላል። የመታወቂያው፣ የትምህርት ቢሮው፣ የክልላዊ ፈተናውና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ጉዳይ በዚያው ይለወጣል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ቤተሰብ ጥሩ ዕድል ሊሆን ይችላል። ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማር ቀብድ ከተከፈለ በኋላ መስማት ግን አይገባም። ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ ሳይዙ መምጣትም እንዲሁ ነው፤ ያለ መሸኛ የነዋሪነት መታወቂያ አይወጣም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ብዙ በር ይዘጋል።

ስለ ውኃ በአጭሩ። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ከሰፈር ሰፈር ብቻ ሳይሆን ከወለል ወለል ይለያያል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ አይደርስም፤ ያን ጊዜ ጀሪካኑን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ብዙውን ጊዜ ኪራዩን የተደራደረው ሰው አይደለም። የላይኛው ፎቅ ኪራይ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሮቶ መኖሩን፣ ቆጣሪው የብቻ መሆኑን፣ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ መቻል አለመቻሉን ከጎረቤት ጠይቁ። ስለ መሬቱም እንዲሁ፦ ከተማዪቱ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ሜዳ ስትወርድ ብርዱም ጎርፉም ከከፍታው ጋር ይለዋወጣል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ያለቁት ርካሽ መሬት ፈልገው በሥሩ የሰፈሩ ስለነበሩ ነው።

የባለቤቲቱን ጉዳይ ወደ መጨረሻው ያቆየሁት ክብደቱ አንሶ አይደለም። ከዚህ ግቢ አጠገብ የቆሙትን የልደታ ኮንዶሚኒየሞች ታውቃላችሁ። ከእነርሱ በፊት እዚያ የነበረው መንደር ሲፈርስ ከነዋሪው ከፊሉ በዚያው ሲቀር፣ ከፊሉ ወደ ዳርቻ ሄደ። የሄዱት ብዙዎቹ ከነበሩበት የተሻለ ቤት አግኝተዋል፤ የግል ሽንት ቤትና ጠንካራ ግድግዳ ቀላል ነገር አይደለም። ያጡት ገበያ ነው። እንጀራ ሸጣ የምታድር፣ ልብስ አጥባ የምትመለስ፣ በር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት መተዳደሪያዋ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ነበር። ከዚያም ዕድሩ አለ፣ ዕቁቡ አለ፣ ልጅ አደራ የሚባልባት ጎረቤት አለች። አዲስ መጪው ቤተሰብ እነዚህን ሁሉ ከባዶ ይጀምራል። ስለሆነም ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ያለበት ሰፈር መምረጥ ኋላቀርነት ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ ልጅ የሚጠብቅ አንድ ሰው በአካባቢው መኖሩ ሚስት ሥራ መጀመር መቻል አለመቻሏን ይወስናል። ሁለተኛ ደሞዝ ከቤቱ ገባ ማለት ደግሞ ከላይ የሠራነው ስሌት ተገለበጠ ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ውሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስድስት ወር በአንዴ የሚጠይቅ አከራይ ከሕግ ውጭ እየጠየቀ ነው። ተቸግሮ የሚፈልግ ሰው ይህን በር ላይ ቆሞ መከራከር እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሕጉን ያወቀ ተከራይ ቢያንስ ምን እንደተላለፈ ያውቃል። ያልተመዘገበ ውል የሚያሳጣውን ጥበቃ ልብ በሉ፤ የልጆቹ ትምህርት የተረጋጋ እንዲሆን የሚያደርገው የሁለቱ ዓመት ዋስትና ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ትምህርት በሰኔ ከተዘጋ በኋላ፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሳያልፍ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቤት መፈለግ ይሻላል። ጭቃው ያስቸግራል። ነገር ግን ጣሪያው ማፍሰሱን፣ መንገዱ መቋረጡን፣ ወንዙ እስከ የት እንደሚሞላ በዓይን ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።