የአፍ ውስጥ ቅድመ ካንሰር ለውጦችና የፕሮቲን ጠቋሚዎች

ከአፍ ካንሰሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚነሱት የአፍን ውስጠኛ ክፍል ከሚሸፍኑት ስኳመስ ህዋሳት ነው። ካንሰሩ ከመከሰቱ በፊት ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ለውጥ (ሉኮፕላኪያ) ወይም ቀይ ለውጥ (ኤሪትሮፕላኪያ) ሊታይ ይችላል። ሉኮፕላኪያ ካለባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም። አስቸጋሪው ነገር የትኛው ለውጥ ወደ ካንሰር እንደሚያመራ አስቀድሞ መለየት ነው። የፕሮቲን ጠቋሚዎች የሚጠኑትም ለዚሁ ነው።

ፒ-53፦ ይህ ፕሮቲን ዲኤንኤው የተጎዳ ህዋስ እንዳይከፋፈል ይገታል። ጤናማው ፕሮቲን ቶሎ ስለሚፈራርስ በምርመራ እምብዛም አይታይም። ጂኑ ሲለወጥ ግን የተበላሸው ፕሮቲን በኒውክለስ ውስጥ ይከማቻል፤ በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ሲመረመርም ቀለሙ ይጎላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የጂን ለውጦች ፕሮቲኑን ጨርሰው ስለሚያጠፉ፣ ቀለም አለመታየቱ ብቻውን ጤናማነትን አያረጋግጥም።

ኪ-67፦ እ.ኤ.አ. በ1983 በጀርመን አገር የተገለጸው ይህ ጠቋሚ በመከፋፈል ላይ ባሉ ህዋሳት ይገኛል። በጤናማ የአፍ ሽፋን በታችኞቹ ንብርብሮች ይወሰናል። ወደ ላይኞቹ ከወጣ የእድገት ሥርዓቱ መዛባቱን ያመለክታል፤ ሆኖም ብግነትም መጠኑን ሊጨምር ይችላል።

ኢ-ካድሄሪን፦ ህዋሳትን እርስ በርስ ያያይዛል። ሲቀንስ ህዋሳቱ ተላቀው ወደ ጥልቁ ቲሹ ለመግባት ይመቻቸዋል።

ፒ-16፦ በቶንሲልና በምላስ ሥር ካንሰር የፓፒሎማ ቫይረስ መኖሩን ለማመልከት ያገለግላል። በአፍ ውስጥ ካንሰር ግን ጥቅሙ ውስን ስለሆነ የአንዱን ትርጉም ለሌላው መስጠት አይገባም።

ከእነዚህ አንዱም ብቻውን የሕመምተኛውን ዕጣ አይወስንም። «ፒ-53 ታይቷል» የሚል ውጤት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ «አልታየም» የሚለውም ክትትልን አያስቀርም። ውሳኔው አሁንም የሚመሠረተው በሕክምና ምርመራና ፓቶሎጂስቱ በሚሰጠው የዲስፕላዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ስለዚህ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየና ምክንያቱ ያልታወቀ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ለውጥ ሲያጋጥም፣ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት እየደጋገሙ በመስጠት ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ሕመምተኛው ባዮፕሲ ወደሚሠራበት ተቋም ሊላክ ይገባል። በተለይ የምላስ ጎንና ከምላስ በታች ያለው ወለል በጥንቃቄ ይታዩ። ናሙናው ቀይ ከሆነው፣ ከጠጠረው ወይም ከቆሰለው ክፍል ተወስዶ ወዲያውኑ በ10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጥ፤ የትምባሆና የአልኮል ታሪክም አብሮ ይጻፍ። በአግባቡ ያልተያዘ ቲሹ የፕሮቲኖቹን ቀለም ያዛባል፤ ያልተወሰደ ቲሹ ደግሞ በየትኛውም ጠቋሚ ሊመረመር አይችልም።