የመዥገር መድኃኒት በቆዳ በኩል ምን ያህል ይገባል?

ወደ ድንበር የሚነዳ ከብት ከመጫኑ ወይም ማቆያ ከመግባቱ በፊት የመዥገር መድኃኒት ይረጫል፤ አለዚያም በጀርባው ላይ ይፈስበታል። መድኃኒቱ የሰንጋውን ቆዳ ሲያልፍ የረጪውንም ቆዳ አይምርም። ስለዚህ በቆዳ በኩል የሚገባውን መጠን ማወቅ ለሠራተኛው ጤናም ለሥጋው ገበያም ይጠቅማል።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን እንደ ግንብ ነው። ጡቡ የሞቱ ሴሎች፣ በመካከሉ ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። በመሆኑም ስብ ውስጥ የሚሟሟና ሞለኪውሉ ትንሽ የሆነ ኬሚካል ይቀለዋል። ፖትስ እና ጋይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር የሚመዝነው እነዚህን ሁለቱን ነው፦ የሞለኪውሉን ክብደትና በስብ የመሟሟት ችሎታውን። እንደ ልማድ ከ500 ዳልተን በላይ የሚመዝን ሞለኪውል ጤናማ ቆዳን ማለፍ ይከብደዋል ይባላል።

በዚህ መሠረት አሚትራዝ 293፣ ዲያዚኖን 304 ዳልተን ገደማ ስለሆኑና ሁለቱም ስብ ስለሚወዱ በቀላሉ ያልፋሉ ተብሎ ይጠበቃል። አይቨርሜክቲን ግን 875 ገደማ ነው። በመርፌ ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት 200 ማይክሮግራም ሲበቃ፣ በጀርባ ላይ ሲፈስ 500 የሚሆነውም በቆዳ የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ነው። ከብቶች እርስ በርስ ሲላላሱ ደግሞ መድኃኒቱ በአፍም ይገባል፤ ያልታከመው ከብትም ይደርሰዋል።

ቀመሩ የማይነግረው ነገርም አለ። መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ ላብ፣ ቁስልና በቆዳ ላይ የቆየበት ሰዓት መጠኑን ይለውጣሉ። የሰውነት ክፍልም ይለያል። ፓራቲዮን በተባለ ፀረ ተባይ በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከክንድ ጋር ሲነጻጸር በግንባር 4 እጥፍ፣ በብብት 7 እጥፍ፣ በዘር ፍሬ ከረጢት ወደ 12 እጥፍ ገደማ ገብቷል። በጀርባ የሚታዘል መርጫ አፍስሶ ሱሪን ሲያረጥብ «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

በሥራ ላይ የሚከተሉትን ማድረግ ያዋጣል፦

• ያልተበጠበጠውን መድኃኒት የሚቀዳ ሰው ኬሚካል የማያሳልፍ ጓንትና ቦቲ ያድርግ፤ በባዶ እጅ አያማስል።
• የረጠበ ልብስ ወዲያው ይውለቅ፤ ገላው በውኃና በሳሙና ይታጠብ።
• ዲያዚኖን የነካው ሰው ምራቁና እንባው ከበዛ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ከነጠርሙሱ ምልክት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።
• የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ቀን ይመዝገብ። ከእርድ በፊት የሚጠበቀው ቀን በምልክቱ ላይ ተጽፏል፤ በመርፌና በጀርባ ለሚሰጠው አንድ አይደለም።

ቀኑ ሳይሞላ የተሸጠ ከብት ሥጋው ላይ ቅሪት ቢገኝበት ኪሳራው ለነጋዴው ነው፤ ገዢውም በሚቀጥለው ጭነት ላይ እምነት ያጣል።