የእኛ አየር 76 ነው፦ የሞተር ሴንሰር ስትቀይሩ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር

አዲስ አበባ ላይ መኪናችሁ ቆሞ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ግን ሳይነሳ የአየር ግፊት ሴንሰሩ ማንበብ ያለበት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 100 አይደለም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው 101 ያነባል፤ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለምንኖር ሩብ የሚሆነውን አየር ታች ትተነው ነው የመጣነው። ይቺን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ቀሪውን ባታነቡትም አልቀየማችሁም። (ኧረ አንብቡት።)

ይሄን ርዕስ ያመጣሁት ዝም ብዬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ያለችውን ይዞ መኖር አለበት። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ነው፤ አዲስ የማይገባ ዕቃ ሲሆን ደግሞ አሮጌውን ማደስ ያዋጣል። እድሳቱ አሁን ቀለምና ጎማ ብቻ አይደለም። የፋብሪካውን የሞተር ኮምፒውተር አውጥተው በላፕቶፕ የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር የሚገጥሙ ልጆች አሉ። የአውስትራሊያው ሃልቴክ አለ፣ የኒውዚላንዱ ሊንክ አለ፣ በአርዱዊኖ ላይ የተሠራውና ዲዛይኑ ለሁሉም ክፍት የሆነው ስፒዱይኖም አለ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሴንሰሮቹም ይቀየራሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ያጎቴ ልጅ ባለ 1.6 ሊትር የድሮ ኮሮላ አለው። ትንሽ ተርቦ ጫነበት። ኮምፒውተሩና ሴንሰሮቹ ከዱባይ በሰው ሻንጣ መጡ፣ ሶኬቶቹ ከሶማሌ ተራ ተለቀሙ። ገንዘቡ ራይድ ሠርቶ ያጠራቀመው ነው፤ ሞተሩ ቢበላሽ ሌላ የሚገዛበት የለውም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ገጥሞ ሰጠው። መኪናዋ ተነስታ ትጠፋለች። ሲመልሳት ቤንዚኑን ከላፕቶፑ ጨመር አደረጉለትና «አሁን ተስተካክላለች» ተባለ። እውነትም ቆማ ስትሠራ ደህና ነበረች። ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጣት ግን ኮፈኑ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ታንኳኳ ጀመር።

አብሬው የሄድኩት ወደ ሁለተኛው ባለሙያ ነው፤ ዕድሜ ጠገብ የመኪና ኤሌክትሪሽያን፣ በእጃቸው መልቲሜትር ብቻ።

«ሞተሩን አታስነሳ» አሉት። «ቁልፉን ብቻ ክፈት። ላፕቶፑ ስንት ይላል?»

«32 ይላል ጋሼ።»

«32 የት አገር ነው ልጄ?»

ሳቅኩ፤ ግን ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። የኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ እንኳ የአየር ግፊቱ 33 ወይም 34 አካባቢ ነው። የያጎቴ ልጅ ኮምፒውተር መኪናዋ ከኤቨረስት በላይ የቆመች መስሎታል ማለት ነው።

የሆነው ምን መሰላችሁ? የግፊት ሴንሰር ግፊትን አይልክም፣ ቮልት ነው የሚልከው። ቮልቱን ወደ ግፊት የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ነው። በብዛት የሚገኘው የጀነራል ሞተርስ ባለ 1 ባር ሴንሰር በ0 ቮልት 10 ኪሎ ፓስካል፣ በ5 ቮልት 105 ይላል። ለተርቦ የሚገዛው ባለ 3 ባሩ ግን በ5 ቮልት ወደ 315 ይደርሳል። ስለዚህ በእኛ አየር ባለ 1 ባሩ 3.5 ቮልት ገደማ ሲያወጣ ባለ 3 ባሩ 1.2 አይሞላም። ሴንሰሩ ተቀይሮ ሠንጠረዡ ካልተቀየረ፣ ያ 1.2 ቮልት በአሮጌው ሠንጠረዥ ሲነበብ 32 ይሆናል። ዶላሩን ብር ብሎ እንደመመዝገብ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ መለኪያው ሌላ ነው።

ቤንዚን መጨመሩ ለምን እንዳልበቃ ደግሞ ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ በዚህ ቁጥር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚመድበው፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓትም በሱ ነው የሚመርጠው። ሞተሩ ቀላል ሥራ ላይ ከሆነ እሳቱ ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ ተርቦው አየር ሲያጭቅ ግን መዘግየት አለበት። ተርቦው በ0.7 ባር ሲነፋ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው 146 ገደማ ነው (76 ሲደመር 70)። ይህ በተሳሳተው ሠንጠረዥ 53 ሆኖ ይነበባል። ሞተሩ እየተጨነቀ ዳገት ሲወጣ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ ዘና ብሎ ሜዳ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል፣ እሳቱንም ያስቀድማል። የሰማነው ጠጠር ይሄ ነበር። በዚያው ቢቀጥል ፒስተን ይሰብራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተርቦ ሳይኖራችሁ «አፕግሬድ» ተብሎ ባለ 3 ባር አትግዙ። ያለ ተርቦ አዲስ አበባ ውስጥ ማኒፎልዳችሁ ከ76 አይበልጥም፤ ከሴንሰሩ አቅም ሩቡን ብቻ እየተጠቀማችሁ ቀሪው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባለ 1 ባሩ ለእናንተ የበለጠ አጥርቶ ያያል።

ሠንጠረዡ ተስተካከለ፣ 76 መጣ። አለቀ ብለን ነበር። ሽማግሌው ግን መልቲሜትራቸውን ይዘው ወደ ሽቦው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሄደው ሦስት ሰዓት ነው።

አብዛኛው የግፊት ሴንሰር ሦስት ሽቦ አለው፦ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ 5 ቮልት፣ ምልክቱን የሚመልስ፣ እና የኔጌቲቩ መመለሻ። ሶኬቱ ገባ ማለት ትክክል ገባ ማለት አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሶኬት ያላቸው ሁለት ሴንሰሮች የሽቦ ቅደም ተከተላቸው ሊለያይ ይችላል። ከሶማሌ ተራ በተቆረጠ ሽቦ ላይ ቀለምን ማመን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ባለ 5 ቮልቱ መስመር አንድ ቦታ ቦዲ ከነካ፣ በሱ የሚመገቡት ሴንሰሮች በሙሉ አብረው ይታወራሉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ኔጌቲቩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የሴንሰሮቹን ኔጌቲቭ እዚያው ቅርብ ያገኘው የሞተር ብሎን ላይ አስሮታል። ቦዲው ኔጌቲቭ ነው፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ የቦቢናውም፣ የኢንጀክተሩም፣ የነዳጅ ፓምፑም ኃይል የሚመለሰው በዚያው ብረት መሆኑ ነው። ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ብረቱ ላይ ትንሽ ቮልት ይፈጠራል፣ እሱም ምልክቱ ላይ ይደመራል። ትንሽ ነው እንዳትሉ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሰፊ ንባብ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር መቆጣጠሪያው 0 ቮልትን 10፣ 5 ቮልትን 20 የአየርና ቤንዚን መጠን ብሎ የሚልክ ቢሆን፣ የ0.1 ቮልት ስህተት ንባቡን በ0.2 ያዛባዋል። ቤንዚን እያስተካከልኩ ነው ስትሉ የምታስተካክሉት የሽቦውን ውሸት ይሆናል። የሴንሰር ኔጌቲቭ በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ወደተመደበለት ቀዳዳ በራሱ ሽቦ ነው የሚመለሰው። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የክራንክ ሴንሰር ደግሞ ባለ ሽፋን ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽፋኑ የሚታሰረው ኮምፒውተሩ ጋ ባለው አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ሽፋኑ ራሱ ረብሻውን ይሸከማል።

የሙቀት ሴንሰር ቀለል ይላል። ሁለት ሽቦ ነው፤ ሲሞቅ መቋቋሙ (ኦሙ) ይቀንሳል። የተለመደው የቦሽ ሴንሰር በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ነው፣ በ80 ዲግሪ ወደ 320 ይወርዳል። ሽቦው ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ ከባድ ብርድ ያለ መስሎት ቤንዚን ያፈሳል። የማታውቁት ሴንሰር ከገጠማችሁ ኩሽና ውስጥ ልትለኩት ትችላላችሁ፦ በረዶ ያለበት ውኃ 0 ዲግሪ፣ የሚፈላ ውኃ ደግሞ... 100 አትበሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከኢንተርኔት ቪዲዮ አይተው 100 ብለው የሚሞሉ ልጆች ሞተራቸው 92 ላይ እያለ 100 ያነባሉ፣ ከዚያ ቴርሞስታት ይቀይራሉ፣ ራዲያተር ያሳጥባሉ።

ማታ ላይ መኪናዋን ይዘን ወጣን። ዳገቱ ላይ 140 ስትል አየሁ፤ ጠጠሩ የለም። በማግሥቱ አዳማ ወረደ፤ ቁልፍ ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሳ የላፕቶፑን ፎቶ ላከልኝ፦ 83። ከፍታው ሲቀንስ አየሩ መጨመሩ ነው፣ ሴንሰሩ እየሠራ ነው።

አሁን የሚጨቃጨቁት በተርቦው ነው። እሱ ከ0.7 ወደ 1 ባር ልክፈተው ይላል። ሽማግሌው እንቢ ብለዋል፤ ማንኳኳቱን የሚሰማው ሴንሰር ገና አልገባም። እሱ በቅንፍ ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ብሎክ ጋር ነው የሚታሰረው፣ በልኩ ጠብቆ። ኮምፒውተሩም የትኛውን ድምፅ እንደሚያዳምጥ ይነገረዋል፤ ሲሊንደሩ 81 ሚሊሜትር ስለሆነ ወደ 7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ። ሴንሰሩ ከዱባይ እስኪመጣ የተርቦው መክፈቻ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።